ሳይሰሙ መፍረድ፦ ስለ ባላቢልና ስለ ቅዳሜ ማታው ዘፈን የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትማችን ጀርባ ላይ፣ ከእህል እደላው ማስታወቂያ ሥር፣ አንድ ስሙን ያልጻፈ ወንድማችን አሥራ አራት መስመር ጽፎ ነበር። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ጠርዙ ስለ ተበላ ያላነበባችሁት ትኖራላችሁና ፍሬ ነገሩን እንድገመው። ቅዳሜ ማታ ከውሃ ማከፋፈያው አጠገብ ባለው ራኩባ ሥር የሚዘፍኑት ሦስት ልጆች ዝም ይበሉ ነው የሚለው። ምክንያቱም ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሴት ልጅ በሰው አገር በአደባባይ ስትዘፍን የወገንን ስም ታጎድፋለች። ሁለተኛ፣ የሚዘፍኑት የሱዳን ዘፈን ነው፤ ሱዳን ደግሞ በከሻ ሲያሳድደን የኖረ አገር ነው። ሦስተኛ፣ ሴት ከፊት ቆማ ወንድ ከኋላ የሚያጅብበት ሙዚቃ የፈረንጅ ፈሊጥ ስለ ሆነ ለኛ አይበጅም።

መጀመሪያ ዝም ብለን ልናልፈው አስበን ነበር። ወረቀት ውድ ነው፤ ካርቦንም የለንም፤ እያንዳንዱን ቅጂ በእጃችን ነው የምንገለብጠው። ሆኖም ጽሑፉ በየጎጆው እየተነበበ፣ በየቡናው ላይ «እውነቱን ነው» እየተባለ፣ ይባስ ብሎም ነገሩ ለሽማግሌዎች ቀርቦ ሊወሰንበት ነው ሲባል ስንሰማ፣ ዝምታችን እንደ ስምምነት እንዳይቆጠር ብዕራችንን አነሣን። ወንድማችንን ለመዝለፍ አይደለም። ስሙን ባይጽፍም የእጅ ጽሕፈቱን እናውቀዋለን፤ ቅን ሰው ነው፤ ውሃ ሲቀዳ ለአሮጊቶች ተራውን የሚለቅ ሰው ነው። ግን ተሳስቷል። ስሕተቱም የሱ ብቻ አይደለምና በአደባባይ ሊታረም ይገባዋል።

ከሁሉ አስቀድመን የራሳችንን ኃጢአት እንናዘዝ። እኛም ለብዙ ዓመት እንደሱው ሳንሰማ የፈረድን ነን። የት እንደ ሆነም እንንገራችሁ፤ ካፉሪ ነው።

ካፉሪን የማታውቁት ትኖራላችሁ። በባሕሪ በኩል፣ ከጣና የሚወጣው ዓባያችን ከነጩ ዓባይ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው በሚያልፍበት አቅጣጫ ያለ የኻርቱም ሰፈር ነው። እኛ ስንደርስ የባለሀብትና የሹማምንት መኖሪያ ሆኖ ነው ያገኘነው፤ አጥሩ ከፍ ያለ፣ በሩ ብረት፣ ውስጡ እብነ በረድ። እኛ ደግሞ ከእብነ በረዱ በስተጀርባ ነበርን። ከመካከላችን ሴቶቹ ልብስ ያጥባሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ኪስራ መጋገር ይለማመዳሉ፤ ወንዶቹ በር ይጠብቃሉ፣ መኪና ያጥባሉ። ስማችን «ሐበሺ» እና «ሐበሺያ» ነበር፤ ሌላ ስም ያወጣልን ሰው ካለ ዛሬም ምስጋናችን ይድረሰው።

በዚያ ሁሉ ዓመት የሱዳንን ዘፈን አልሰማንም አንልም። ሐሙስ ማታ ሠርግ በሌለበት አጥር ተሻግረን አናውቅም። ግን ለኛ «የሱዳን ዘፈን» ማለት ሁለት ሰው ነበር፤ መሐመድ ዋርዲና ሰይድ ኸሊፋ። እነሱን አባቶቻችንም አዲስ አበባ ሆነው ያውቋቸዋል፤ ስለዚህ የኛ ይመስሉን ነበር። የሴት ድምፅ በግንቡ ላይ ሲመጣ ግን «ደግሞ ጀመሩ» ብለን መስኮቱን እንዘጋ ነበር። ማን እንደምትዘፍን አንጠይቅም። ምን እንደምትልም አንጠይቅም። የኛን እናቶች እስክስታ «ጩኸት» ብሎ የሚያልፍ ፈረንጅ ቢገጥመን ስንት ቀን ባማነው ነበር!

በ2018 ክረምት (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ኻርቱም አስለምዳናለች) ከመካከላችን ሁለቱ የሚሠሩበት ቤት ጣራ አፈሰሰ። የቤቱ እመቤት፣ ሐጃ የምንላቸው፣ ከዕቃ ቤቱ የረጠበውን ሁሉ እንድናወጣ አዘዙ። ከወጣው መካከል አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር፤ ውስጡ ካሴት። «ተበላሽቷል፣ ጣሉት» አሉ። የድኻ እጅ ካሴት አይጥልም። ወደ ዘበኛው ክፍል ወሰድነውና ፀሐይ ላይ አሰጣነው፤ ማታ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራው ቴፕ ውስጥ ከተትነው። የላዩ ጽሑፍ በውሃ ታጥቦ ስለ ነበር ማን እንደ ሆነ ሳናውቅ ነው የሰማነው። ይህ በጀን። ስሙን አንብበን ቢሆን ኖሮ «የሴቶች ዘፈን ነው» ብለን ሌላ ነገር እንቀዳበት ነበር።

መጀመሪያ ቫዮሊኖቹ መጡ፤ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ባንድ መንገድ ይሄዳሉ። አኮርዲዮን ተከተለ። ከሥር ቦንጎው ዝግ ብሎ፣ እንደሚራመድ ግመል ትከሻ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ሦስት ሴቶች ባንድ ትንፋሽ ገቡ። እኛ እንደ አገራችን ልማድ አንዷ አውጪ ሆና ሌሎቹ የሚቀበሏት መስሎን ጠበቅን። አውጪዋ የቷ ናት? ብለን ተከራከርን። ካሴቱን ወደ ኋላ መለስነው። እንደገና ሰማን። አውጪም ተቀባይም የለም፤ ሦስቱም አውጪ ናቸው። አንዷ ትንፋሽ ስትወስድ ሁለቱ ይይዙላታል፤ መስመሩ አይበጠስም። ከመካከላችን ክራር የሚሞክረው «ይኼማ ትዝታ ነው» አለ። አልተሳሳተም። የሱዳን ዘፈን እንደኛው ባምስት ድምፅ የሚሄድ ነው፤ ቅኝቱም ከኛ ቅኝቶች ሁሉ ለትዝታ ይቀርባል፤ ለዚህ ነው ዐረብኛ የማያውቅ የጎንደር ሽማግሌ ዋርዲን ሰምቶ ራሱን የሚነቀንቀው።

ሐጃ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ወደ ዘበኛው ክፍል መጥተው አያውቁም። እጃቸው ሊጥ ነው። «ዝጉት» የሚሉን መስሎን አንዳችን እጁን ወደ ቴፑ ሲሰድ «ተወው» አሉት። ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆሙ፤ መጨረሻው ላይ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። በዚያ ቤት አራት ዓመት ስንሠራ ሲዘፍኑ ሰምተናቸው አናውቅም። ከዚያ «ባላቢል ናቸው» አሉን። ልጅ ሳሉ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት እየሄዱ ያዩአቸው እንደ ነበር፣ አንድ አጎታቸው «የነዚህን ልጆች አባት አላህ ይፍረደው» እያለ ከደጅ ሆኖ ግን እስከ መጨረሻው ያዳምጥ እንደ ነበር ነገሩን። ሣቁ። እኛም ሣቅን። በካፉሪ ከእመቤት ጋር አብረን ስንሥቅ የመጀመሪያችን ነው።

እንግዲህ እነዚህ ባላቢል እነማን ናቸው? ስሙ ቡልቡል የምትባለው ዘማሪ ወፍ ብዙ ቍጥር ነው። ሦስት እኅትማማቾች ናቸው፤ ሐድያ፣ አማልና ሐያት ጠልሰም። ቤተሰባቸው ኑብያዊ ነው። በ1971 ተነሡ፤ የዑድ ደርዳሪውና የዜማ ደራሲው በሺር ዐባስ ሰብስቦ አሠለጠናቸው፤ በኦምዱርማን ራዲዮና በቴሌቪዥን ገቡና አገሩን ሁሉ ያዙ። ኑብያውያን ማለት የአስዋን ግድብ ውሃ አገራቸውን ሲውጠው በ1960ዎቹ ወደ 50,000 የሚጠጉት ከዋዲ ሐልፋ ተነቅለው በባቡር ወደዚህ ወደኛ አቅጣጫ፣ ወደ ኸሽም አልጊርባ የመጡት ሕዝብ ናቸው። የሠፈሩበት ቦታ ዛሬም «አዲስ ሐልፋ» ይባላል። ከዚያ ወገን የወጡ ሦስት ልጆች ናቸው ያገሪቱን ጆሮ የያዙት። ይህን «የአሳዳጆቻችን ዘፈን» ለሚል ሰው ማስታወስ ይበቃን ነበር፤ ግን ወደዚያ እንመለስበታለን።

አሁን ከወንድማችን ምክንያቶች ከመጨረሻው እንጀምር፤ የፈረንጅ ፈሊጥ ከሚለው።

ይህን ሐሳብ ከየት እንዳመጣው እናውቃለን። እዚህ ሠፈር ስልኩ ውስጥ የፈረንጅ ሮክ ሞልቶ የሚዞር አንድ ወጣት አለ፤ ልጁን እንወደዋለን። ባለፈው ወር «ፕሪቴንደርስ» የተባለውን ባንድ የመጀመሪያ አልበም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰምቶ ሦስት ቀን ስለሱ ብቻ ሲያወራ ነበር። አልበሙ የወጣው በ1980 መባቻ ነው። ከፊት የቆመችው ክሪሲ ሃይንድ ናት፤ ኦሃዮ ተወልዳ ለንደን የገባች አሜሪካዊት፤ ከኋላዋ ሦስት እንግሊዛውያን ወንዶች አሉ። ጊታሯን ራሷ ይዛለች፤ አብዛኛውን ዘፈን ራሷ ጽፋዋለች። ተማሪ ሳለች በ1970 በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወታደሮች በተማሪዎች ላይ ሲተኩሱ እዚያው ነበረች፤ አራት ተማሪ ሞቷል። የኛ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ፤ የስድስት ኪሎን ነገር የሚያውቅ ሰው ያንን ድምፅ ከየት እንደ መጣ ያውቃል። እኛም አልበሙን በልጁ ስልክ ሰማነው፤ ጥሩ ነው፤ ቁጣው እውነተኛ ነው። ልጁ ግን ከዚያ ተነሥቶ «ሴትን ከባንድ ፊት ያቆሙ እነሱ ናቸው፤ እኛ ጋ የታለ?» አለ። ወንድማችን ይህን ሰማና ተገልብጦ «እንግዲያው ለኛ አይሆንም» አለ። አንዱ አመሰገነ፣ አንዱ ረገመ፤ ሁለቱም ግን ነገሩ የፈረንጅ ነው በማለት ተስማሙ። የተሳሳቱትም እዚያ ላይ ነው።

ፕሪቴንደርስ ሲወጣ ባላቢል ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከነሱም በፊት በዚችው ኻርቱም የኤሌክትሪክ ጊታርን ከሱዳን ዘፈን ጋር ያገናኘው ሸርሐቢል አሕመድ በ1960ዎቹ ባንዱን ሲመራ፣ ባለቤቱ ዛኪያ ጊታር ይዛ አብራው መድረክ ላይ ትጫወት ነበር። ከሷም በፊት ዓይሻ አልፈላቲያ አለች፤ የኦምዱርማን ራዲዮ በ1940 ከተቋቋመ በኋላ በዚያ ራዲዮ የዘፈነች የመጀመሪያዋ ሴት፤ እኅቷ ጅዳውያ ዑድ ትደረድርላት ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለሱዳን ወታደሮች እየተዘዋወረች ዘፍናለች። እነዚያ ወታደሮች እኮ ከፊላቸው ከረን ላይ ጣልያንን የወጉ ናቸው! ይህ ሁሉ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው የሚል ካለ ጊታሩና ቫዮሊኑ መቀዳቱን እንቀበላለን። የኛም የክብር ዘበኛ ሳክስፎን ጎጃም አልተሠራም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደን ነገር እናንሣ፤ ከጉዳዩ ትንሽ ብንወጣም። ፈረንጆች ስለ ባላቢል ሲጽፉ «የሱዳን ሱፕሪምስ» ይሏቸዋል። ሱፕሪምስ በዲትሮይት ከተማ የተነሡ ሦስት ጥቁር አሜሪካውያን ዘፋኞች ናቸው፤ የመጀመሪያ አልበማቸው በ1962 መጨረሻ ወጣ፤ ድንቅ ነበሩ። ለመሆኑ ሱፕሪምስን «የዲትሮይት ባላቢል» ያለ ማን ነው? አገራችንም አልቀረላትም። በ2013 «የኛ» የተባሉት አምስት ወጣት ሴቶች በራዲዮ ድራማና በዘፈን ሲነሡ የእንግሊዝ ጋዜጦች «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» አሏቸው፤ ከዚያ ያንኑ ያወጡላቸውን ስም መልሰው እንደ ስድብ ተጠቀሙበትና «የግብር ገንዘባችን ለዘፈን» ብለው ጮኹ፤ በጥር 2017 የእንግሊዝ መንግሥት ዕርዳታውን አቋረጠ። የሰው ስም የሚለብስ ሰው እንዲህ ነው፤ ባለ ልብሱ ሲፈልግ ይገፈዋል። ስለዚህ ያ ወጣት የኛን ሦስት ልጆች «የሠፈራችን ምናምን» እያለ በፈረንጅ ስም ሊጠራቸው ሲጀምር እንዲተወው እንለምነዋለን። ስም ካስፈለጋቸው ራሳቸው ያውጡ።

የኛን አገርስ ምን እንበል? ሴት ዘፋኝ አላጣንም። ብዙነሽ በቀለ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ፊት ቆማለች፤ ሂሩት በቀለ በፖሊስ ኦርኬስትራ ፊት ቆማለች። ድምፃቸውን የሚያህል ድምፅ ከዓባይ ወዲያም ወዲህም እንጃ። ግን ልብ በሉ፤ የባንዱ ስም ያለቀው በክብር ዘበኛና በፖሊስ ነው። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ራሷ ይዛ ብቻዋን ወጣች። አስቴር አወቀ ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ አሜሪካ ሄደች፤ በ1989 በለንደን የወጣውን «አስቴር» የተባለውን አልበም ፈረንጅ «የመጀመሪያዋ» ሲለው፣ እኛ ስንት ካሴቷን አድምጠን ስንት ባትሪ ጨርሰናል። በ2012 ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ከአራቱ ድምፃውያን ሁለቱ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅና ሔዋን ገብረወልድ፣ ሴቶች ነበሩ፤ ያውም በሮክ። መንገዱ እንግዲህ አለ። የጎደለን የባላቢልን ያህል በራሳቸው ስም፣ በቡድን፣ ከፊት ቆመው ያገሩ ሁሉ የሆኑ ሴቶች ናቸው። ይህን ጎዶሎ እዚህ ራኩባ ሥር ሦስት ልጆች ሊሞክሩት ቢነሡ ዱላ ይዘን እንውጣባቸው?

አንድ ሽማግሌ ይህን ስንጽፍ አጠገባችን ተቀምጠው «ዜማውን የደረሰው ወንድ፣ ግጥሙን የጻፈው ወንድ፤ ታዲያ ሴቶቹ ምን ሠሩ?» አሉን። ጋሼ፣ አክብረን እንመልስልዎ። ጥላሁን ገሠሠ ከዘፈናቸው መካከል ብዙውን ግጥምና ዜማ የሠሩላቸው ሌሎች ናቸው። በዚህ ምክንያት «ጥላሁን ምን ሠራ?» ያለ ሰው ሰምተው ያውቃሉ? ለወንድ ሲሆን «ድምፁ» ይባላል፤ ለሴት ሲሆን «ማን ጻፈላት?» ይባላል። በሺር ዐባስ ትልቅ ሰው ነው፤ ይህን አንክድም። እሱ ግን የፈለገውን ያህል ዑዱን ቢደረድር በ1971 ኦምዱርማን መድረክ ላይ በሦስት ሴት ልጅ ፊት የተወረወረውን ዐይን አልተቀበለም። የተቀበሉት እነሱ ናቸው።

ወደ መጀመሪያው ምክንያት እንሂድ፤ ስም ያጎድፋል ወደሚለው። ይህ ያስቆጣናል፤ ለመደበቅ አንሞክርም። ወንድማችን «አዝማሪ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ጽፎታል። አባቶቻችን አዝማሪውን ግብር ላይ አስቀምጠው ያዳምጡታል፤ ንጉሥ የማይሰማውን እውነት እሱ ይነግራቸዋል፤ ሲነጋ ልጃቸውን አይሰጡትም። ይህን ጎታች ልማድ ከነጓዙ ድንበር አሻግረን አመጣነው። ማዕረጋችን ቀረ፣ መሬታችን ቀረ፣ ከብታችን ቀረ፤ ንቀታችን ግን ጠረፍ ላይ ሳይፈተሽ አለፈ። ለመሆኑ የወገንን ስም የሚያጎድፈው የቱ ነው? ልጅቱ ሰባት ሰዓት ላይ በፀሐይ የሰው ማሳ ውስጥ ሰሊጥ ስታጭድ፣ ደላላ ደመወዟን ሲበላት፣ ያኔ ስማችን አልጎደፈም። ስድስት ቀን አጎንብሳ ሰባተኛው ማታ ቀና ስትል ነው የጎደፈው? አንገቷን ቀና አድርጋ አይተናት ስለማናውቅ ደንግጠን እንደ ሆነ እንጂ!

አሁን ከባዱ ቀረ፤ የከሻ ነገር። እዚህ ላይ በወንድማችን አንቀልድም። ከመካከላችን ከሻ ያልነካው ሰው የለም። ሌሊት የመኪናውን ድምፅ ስንሰማ አጥር የዘለልን፣ መታወቂያችንን ካልሲ ውስጥ የደበቅን ሰዎች ነን። እኅቶቻችን ሻይ ሲሸጡ ከነምድጃቸው ተጭነዋል፤ «ልብስሽ አጭር ነው» ተብለው ቀጥተዋቸዋል፤ ገንዘባቸው ተወስዷል። ይህን የደረሰበት ሰው የዚያን አገር ዜማ ስሰማ ሆዴ ይታወካል ቢል ዝም ብለን እጁን እንይዛለን እንጂ አንከራከረውም።

ግን ያ መኪና ማንን ነበር የሚጭነው? ጎናችን የተጫነችውን ሱዳናዊት ሲት ሻይ ረሳናት? ኑሜሪ በመስከረም 1983 ሕጉን ሲያወጣ ዘፈኑና ጭፈራው አብሮ ተሸማቀቀ። ከሰኔ 1989 መፈንቅለ መንግሥት በኋላማ ባሰ፤ ዘፋኞች ተሰደዱ፣ ታሰሩ፤ በ1994 ዘፋኙ ኾጃሊ ዑስማን ኦምዱርማን ውስጥ በአርቲስቶቹ ክበብ በጩቤ ተገደለ። «የሕዝብ ሥርዓት» የተባለው ሕግ ሱዳናዊቷን በሱሪዋ፣ የኛዋን በሻይዋ ሲገርፍ ኖሮ በኅዳር 2019 ተሻረ። ባላቢልም በ1980ዎቹ መጨረሻ ተበተኑ። ያሳደደን እጅ እንግዲህ እነሱንም ያሳደደ እጅ ነው። የነሱን ዘፈን የሱ ዘፈን ማለት የተዘረፈን ሰው ሌባ እንደ ማለት ነው።

ደግሞም ይህ መንገድ ወዲህ ብቻ የሚያስኬድ አይደለም። በ1940 ክረምት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ኻርቱም ውስጥ አገር አልባ ሆነው ተቀምጠው ነበር፤ በጥር 1941 ነው በኦሜድላ በኩል የተሻገሩት። በ1990 ደግሞ መሐመድ ዋርዲ ወደኛ አገር መጥቶ ጋምቤላ፣ ኢታንግ ሠፈር፣ ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች ዘፍኗል። አስቡት፤ ሱዳናዊ ዘፋኝ፣ በኢትዮጵያ ምድር፣ በስደተኛ ሠፈር። ያኔ አንድ ኢታንጋዊ ተነሥቶ «የሰሜኖቹን ዘፈን ዝጉ» ብሎ ቢሆን ምክንያት አላጣም ነበር፤ ከሰሜን ጋር ጦርነት ላይ ነበሩና። አዳመጡት።

በ2023 ሚያዝያ ወር ጦርነቱ ካፉሪ ሲገባ ብረት በሩም እብነ በረዱም አላዳነም። ሐጃ በአንድ ለሊት ወጡ፤ ወዴት እንደ ደረሱ አልሰማንም። እኛ በእግር፣ በጭነት መኪና፣ በገዳሪፍ በኩል እዚህ ደረስን። ከካፉሪ ያወጣነው ነገር ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱ አንዱ ዱቄት ከረጢት ውስጥ የከተትነው ያ ካሴት ነው። በዚያው ግንቦት ዘፋኟ ሻደን ገርዱድ ኦምዱርማን ውስጥ በተኩስ መካከል ሞተች። የራዲዮና የቴሌቪዥኑ ግቢ እስከ መጋቢት 2024 ድረስ በታጣቂዎች እጅ ነበር፤ የባላቢል፣ የዓይሻ፣ የዋርዲ ክር የተከማቸበት ቤት መሆኑን ስናስብ እንቅልፍ ያጣንባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ሐጃ ጣሉት ያሉትን ነገር ባለመጣላችን ደስ ያለን ያኔ ነው።

ስለ ዘፈኖቹ ይዘት አንዳንድ ጓደኞቻችን «የፍቅር ዘፈን ነው፤ ትግል የለበትም» ብለው ያንቋሽሻሉ። ልክ ነው፣ የፍቅር ዘፈን ነው። ከዚያስ?

ሦስቱ ልጆች ዐረብኛውን በአማርኛ ፊደል ጽፈው ነው የሚያጠኑት፤ ከመካከላችን ያለችው የካፉሪ ልብስ አጣቢ ናት ትርጉሙን የምትነግራቸው። አንዷ ገና ስትጀምር ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ይጸናል። ማን አውጪ እንደ ሆነች እስካሁን አልለየንም። ወንድማችን ሆይ፣ አንድ ማታ እንኳ ከራኩባው ሥር አላየንህም፤ ከውሃው ወረፋ ሆነህ ነው የሰማኸው፤ በዚያ ላይ የቧንቧው ጩኸት አለ።

የሽማግሌዎቹ ስብሰባ ሰኞ ነው። ከዚያ በፊት ቅዳሜ አለ። የካሴቱ ክር ሁለት ቦታ ተበጥሶ በማጣበቂያ ተቀጥሏል፤ አንዱ ዘፈን መካከል ላይ ይዘላል፤ ልጆቹ የዘለለውን ቦታ በራሳቸው ድምፅ ይሞሉታል። የምንጀምረው ከእራት በኋላ ነው። መቀመጫ ይዛችሁ ኑ። ትልቁን ባትሪ ድንጋይ ያለው ሁለት ይዞ ይምጣ፤ አራት ያስፈልጋል፣ ሁለት አለን። ለአሥራ አራቱ መስመር ጸሐፊ ከፊት፣ ከቴፑ አጠገብ፣ ቦታ ይዘንለታል።